የምድር ጓዳ፦ ከአርባ ምንጭ ቆላ እስከ ጨንቻ ደጋ

ከአርባ ምንጭ ተነሥቶ በዶርዜ በኩል ወደ ጨንቻ የሚወጣው መንገድ 37 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ርቀቱ አጭር ነው፤ የአየሩ ለውጥ ግን ትልቅ ነው። አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር አካባቢ ላይ ሆና የአባያንና የጫሞን ሐይቆች ቁልቁል ታያለች። ጨንቻ ደግሞ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ጉም ለብሳ ትቀመጣለች። ታች በሸሚዝ መኪና የተሳፈረ መንገደኛ ዶርዜ ሲደርስ ጋቢ ያምረዋል።

በዚህ መንገድ ላይ ምግብ ወደ ላይም ወደ ታችም ይመላለሳል። ከቆላው ሙዝ፣ ማንጎና ቲማቲም ይወጣል፤ ከደጋው ድንች፣ ጎመን፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ፖምና ቆጮ ይወርዳል። ችግሩ የደጋው ድንች በየመንደሩ በአንድ ሰሞን መድረሱ ነው። ያን ጊዜ ገበያው በድንች ይጥለቀለቃል፤ ዋጋው ይወርዳል፤ ገበሬው ግን የሚያስቀምጥበት ስለሌለው በተገኘው ዋጋ ይሸጣል። ጥቂት ወራት አለፍ ሲሉ ያው ቤተሰብ የሸጠውን ድንች በውድ ይገዛል። ይህን የሚፈሩ ደግሞ ድንቹን ሳይቆፍሩ መሬት ውስጥ ያቆዩታል። ዘዴው ለጊዜው ያገለግላል፤ ይሁን እንጂ ማሳው ለሚቀጥለው ሰብል አይለቀቅም፣ የድንች የእሳት እራት አፈሩ በተሰነጠቀበት እየገባች እንቁላሏን ትጥላለች፣ ዝናብ ሲመለስም ድንቹ ይበሰብሳል።

የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ጥናት እንደገመተው፣ በዓለም ላይ ለሰው ምግብ ከሚመረተው አንድ ሦስተኛ ያህሉ ይባክናል። በሥራ ሥር፣ በፍራፍሬና በአትክልት ላይ ብክነቱ ይብሳል፤ ከ40 እስከ 50 በመቶ ይደርሳል። ስለዚህ የዛሬው ዝግጅታችን በጓሮ ስለሚሠራ የምድር ጓዳ ይናገራል። መሬት ተቆፍሮ፣ ግድግዳው በድንጋይ ተሰድሮ፣ ጣሪያው በአፈር ተሸፍኖ፣ ድንችና ካሮት ያለ መብራትና ያለ ማቀዝቀዣ የሚቀመጡበት ክፍል ማለት ነው።

ይህ ዓይነቱ ጓዳ በቀዝቃዛ አገሮች የቆየ ነው። በካናዳ ኒውፋውንድላንድ ደሴት ኤሊስተን በምትባል ትንሽ መንደር ከመቶ በላይ የሚሆኑ እንዲህ ያሉ ጓዳዎች እስከ ዛሬ ይታያሉ፤ መንደሪቱም የታወቀችው በእነሱ ነው። በዚያ አገር ግን ጓዳው የሚሠራው በረዶ ስላለ ነው። ክረምቱ አፈሩን አቀዝቅዞ ይተወዋል፤ ጓዳው ያንን ቅዝቃዜ ይዞ ድንቹን ይጠብቃል፣ ደግሞም ከውጭው በረዶ ይከልለዋል። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ የበረዶ ወቅት የለም። ስለዚህ የእነሱን ንድፍ እንዳለ አምጥቶ አርባ ምንጭና ጨንቻ ባሉበት ጋሞ ላይ መቆፈር ብዙ ድካምና ጥቂት ጥቅም ነው። አስቀድሞ የራሳችን አፈር ምን ያህል እንደሚቀዘቅዝ ማወቅ ያስፈልጋል።

የፀሐይ ሙቀት ወደ አፈር የሚሰርገው በዝግታ ነው። የቀን ግለትና የሌሊት ብርድ የሚፈራረቁት በላይኛው ግማሽ ሜትር ውስጥ ነው። አንድ ሜትር ያህል ሲወረድ ቀንና ሌሊት የሚለይ ነገር የለም። ከዚያም በታች አፈሩ ዓመቱን ሙሉ የሚይዘው ሙቀት የዚያን ቦታ ዓመታዊ አማካይ የአየር ሙቀት የሚጠጋ ነው። አየሩ ደግሞ ከፍታ በጨመረ ቁጥር በየ100 ሜትሩ ከግማሽ ዲግሪ ጥቂት በላይ ይቀዘቅዛል። በአርባ ምንጭና በጨንቻ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት 1,400 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ የሁለቱ አፈር በ8 ወይም በ9 ዲግሪ ሴልሺየስ ይለያያል።

ይህ ልዩነት ሁሉንም ነገር ይወስናል። አርባ ምንጭ ላይ ሁለት ሜትር የተቆፈረ ጉድጓድ 24 ዲግሪ አካባቢ ይሆናል፤ ከእኩለ ቀኑ ፀሐይ ይሻላል እንጂ ለድንች ሙቅ ነው። ያው ጉድጓድ ጨንቻ ላይ ቢቆፈር 15 ዲግሪ አካባቢ ይገኛል። ድንችን ለብዙ ወራት ለማቆየት በማቀዝቀዣ መጋዘን የሚመረጠው ከ4 እስከ 10 ዲግሪ ያለው ነው። እንግዲህ የጨንቻው ጓዳ እንኳ እዚያ አይደርስም። ድንች ከተቆፈረ በኋላ እንደ ዝርያው ሁለት ሦስት ወር ሳይበቅል ይቆያል፤ ጓዳው ይህን ጊዜ ድንቹ ሳይጠወልግ፣ አረንጓዴ ሳይሆንና ሳይበሰብስ ያሳልፈዋል፣ በጥቅምትና በጥር መካከል ያሉት ቀዝቃዛ ሌሊቶች ከታገዙበት ደግሞ ጥቂት ያራዝመዋል። ግማሽ ዓመት አስቀምጣለሁ ብሎ የሚነሣ ሰው ያዝናል። ገበያው እስኪረጋጋ ሁለት ሦስት ወር መጠበቅ የሚፈልግ ቤተሰብ ግን ልፋቱ ይከፍለዋል።

የጋሞ ሕዝብ ምግብን መሬት ውስጥ ለማቆየት ከማንም መማር አያስፈልገውም። በደጋው በብዙ ቤት ጀርባ የእንሰት ጓሮ አለ፤ በዚያ ጓሮ ውስጥ ደግሞ የቆጮ ጉድጓድ አለ። እንሰት ከተተከለ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ሊያብብ ሲቃረብ ይነቀላል። ሴቶች ተሰባስበው ግንዱን ይፍቁታል፣ ሥሩን ይከትፉታል፣ ውኃውን ይጨምቁታል። ከጭማቂው የሚዘቅጠው ነጭ ዱቄት ቡላ ነው። የተፋቀው ግን ጉድጓድ ውስጥ ይገባል። ጉድጓዱ በእንሰት ቅጠል ደርብ ደርብ ተደርጎ ይነጠፋል፤ ቆጮው ተረግጦና ተጠቅጥቆ ይሞላል፤ በቅጠል ይታፈናል፤ ከላዩ ከባድ ድንጋይ ይጫንበታል። ቅጠሉ ሲያረጅ ይቀየራል። እንዲህ የተያዘ ቆጮ ወራትን አልፎ ዓመታትን ይቆያል።

በውስጡ የሚሆነውን ሳይንስ በሚገባ ተመልክቶታል። የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከቤልጂየሙ የሉቨን ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቻቸው ጋር በጋሞ ደጋ የሚካሄደውን የእንሰት ማብላላት አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤቱን አሳትመዋል። አየር ሲታፈን ላክቲክ አሲድ የሚሠሩ ባክቴሪያዎች ይበረታሉ፣ ቆጮው ይኮመጥጣል፣ ኮምጣጣነቱ ደግሞ የሚያበሰብሱትን ተሕዋስያን ያባርራል። የጋሞ እናቶች ባክቴሪያ የሚባል ነገር ሳይሰሙ አየሩን የሚያፍኑት፣ ቅጠሉን የሚደራርቡት፣ ድንጋዩን የሚያከብዱት በዚሁ ምክንያት ነው። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ሰሜኑን ባጠቃ ጊዜ እንሰት የሚበላባቸው አካባቢዎች የተሻለ መቋቋማቸው በተደጋጋሚ ይነገራል፤ ለዚያ አንዱ ምክንያት ይህ ጉድጓድ ነው።

ከአርባ ምንጭ ወደ ደቡብ ሲኬድ፣ ጊዶሌ ከተማ ዙሪያ የሚኖረው የደራሼ ሕዝብ ሌላ ጥበብ አለው። ፖሎታ ይባላል። አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ የሆነ ጉድጓድ ነው፤ የሚጠራቀምበትም ማሽላና በቆሎ ነው። እህሉ ከተሞላ በኋላ አፉ በደንብ ይደፈናል። ውስጡ ያለው ኦክስጅን ያልቃል፣ በምትኩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይጠራቀማል፣ ነቀዙም ታፍኖ ይሞታል። በዚህ መንገድ እህሉ ለብዙ ዓመታት ይቀመጣል። ሐረርጌም ማሽላን በጉድጓድ የማቆየት ልማድ አለ፤ እዚያ ግን እርጥበት ብዙ እህል ያበላሻል። ደራሼዎች ጉድጓዱን የት እንደሚቆፍሩ አብጠርጥረው ማወቃቸው እዚህ ላይ ይጠቅማቸዋል።

እነዚህ ሁለት ጥበቦች አንድ ነገር ይጋራሉ። ሁለቱም አየርን ያፍናሉ። አሁን በጨንቻ የድንች ጓዳ መቆፈር የሚያስብ ሰው በጣም ሊጠነቀቅበት የሚገባው ይህንኑ ነው፤ ከእናቱ የወረሰው ልማድ ጉድጓዱን እንዲደፍን ይነግረዋል፣ ድንች ግን ሲታፈን ይሞታል። ድንች፣ ካሮት፣ ቀይ ሥርና ፖም ከተለቀሙ በኋላም ሕያው ናቸው። ይተነፍሳሉ። ኦክስጅን ይወስዳሉ፣ ሙቀት፣ እንፋሎትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣሉ። በታፈነ ጉድጓድ ውስጥ የተከመረ ድንች በራሱ ሙቀት ይግላል፣ በራሱ እንፋሎት ይረጥባል፣ ልቡ ይጠቁራል፣ ከዚያም ይሸታል። ስለዚህ ቆጮ ጉድጓድ አጠገብ የሚቆፈረው የድንች ጓዳ በአሠራሩ የቆጮው ተቃራኒ መሆን አለበት።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ።

የመጀመሪያው ጉዳይ ቦታ ነው። የጋሞ ደጋ ዝናቡ በበልግም በመኸርም ስለሚጥል፣ ውኃ የማያቁር፣ ጥቂት ዘንበል ያለ መሬት ይመረጣል። ቦታው ከሽንት ቤት ቢያንስ 30 ሜትር ይርቃል፤ ከትልልቅ ዛፍ ሥርም ይርቃል። ዘንበል ያለ ሲባል ግን ገደላማ ማለት አይደለም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎረቤታችን ጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ የተናደው መሬት ከ200 በላይ ሰዎችን ቀብሯል። ቁልቁል ተራራ ሥር፣ ከዚህ በፊት መሬት በተንሸራተተበት ወይም ስንጥቅ በታየበት ቦታ ጓዳ ለመሥራት አፈር መቁረጥ ሕይወትን ማስያዝ ነው። ቁፋሮው ዝናብ በማይበዛባቸው ወራት፣ በኅዳርና በጥር መካከል ቢካሄድ ይመረጣል።

ለአንድ ቤተሰብ ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር ተኩል የሆነ፣ ቁመቱ ሰው የሚያስቆም ክፍል ይበቃል። አንድ ሜትር ኩብ ድንች 650 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ስድስት ኩንታል ተኩል ማለት ነው። በግራና በቀኝ መደርደሪያ ተሠርቶ መሐሉ መተላለፊያ ቢተው፣ ከአሥር ኩንታል በላይ በቀላሉ ይይዛል። ክምሩ ከአንድ ሜትር ከፍ አይበል፤ ከፍ ካለ የታችኛው ይጨፈለቃል፣ መሐሉም ይግላል።

ግድግዳው በደረቅ ድንጋይ ቢሰደር ጥሩ ነው፤ ደጋው ድንጋይ አያጣም። ወለሉ በሲሚንቶ አይለሰንም። አፈሩ እርጥበቱን እየሰጠ ድንቹን እንዳይጠወልግ ይጠብቀዋልና፣ ጠጠር ብቻ ይበተንበታል። መደርደሪያው በቀርከሃ ይሠራል፤ በዚህ ረገድ ዶርዜን የሚያስተምር የለም። ዶርዜዎች ቤታቸውን በቀርከሃ ሲሠሩ እስከ 12 ሜትር ያደርሱታል፤ ምስጥ ግርጌውን እየበላ ሲሄድ ቤቱ ዓመት በዓመት ያጥራል፣ ያም ሆኖ ለአሥርት ዓመታት ይኖርበታል። የጓዳ መደርደሪያ ግን እንዲያጥር ስለማይፈለግ፣ የቀርከሃው እግር በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ይቆማል እንጂ አፈር ውስጥ አይተከልም።

ጣሪያው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። ጓዳውን ከፀሐይ የሚከልለው በላዩ ያለው ግማሽ ሜትር አፈር ነው። ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር ተኩል በሆነ ጣሪያ ላይ ግማሽ ሜትር አፈር ሲጫን ሁለት ሜትር ኩብ ተኩል ይሆናል፤ ዝናብ ሲመታው ክብደቱ ከ40 ኩንታል ሊያልፍ ይችላል። ይህን የሚሸከም ወፍራም የጥድ ወይም የባሕር ዛፍ ግንድ ተቀራርቦ ይደረደራል። በግንዱ ላይ ቀርከሃ፣ በቀርከሃው ላይ ፕላስቲክ፣ ከዚያ አፈር፣ ከሁሉም በላይ ሣር ይተከልበታል። በየዓመቱ ግንዱ በቢላ እየተፈተነ መበስበሱ ይታያል፤ የለሰለሰ ግንድ ካለ ጓዳው እስኪጠገን ማንም አይግባበት። ዙሪያውን የጎርፍ መውረጃ ቦይ ይቆፈራል።

አየር እንዲመላለስ ሁለት ቱቦ ያስፈልጋል። የአሥር ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የፕላስቲክ ቱቦ ወይም ውስጡ የተቦረቦረ ወፍራም ቀርከሃ ይሆናል። አንዱ ከውጭ ገብቶ ወለሉ አጠገብ፣ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ያበቃል። ሁለተኛው በተቃራኒው ማዕዘን ከጣሪያው ሥር ተነሥቶ ወደ ላይ ይወጣል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ በታችኛው ይገባል፤ የድንቹ ትንፋሽ ያሞቀው አየር ቀሎ በላይኛው ይወጣል። ሁለቱም አፍ አይጥ በማያሳልፍ የሽቦ ወንፊት ይሸፈናል። ሌሊት ይከፈታሉ፣ ጠዋት ፀሐይ ሳይሞቅ ይዘጋሉ። በኅዳርና በታኅሣሥ የጨንቻ ሌሊት ከአፈሩ ይበልጥ ይቀዘቅዛል፤ ይህን ልማድ ያደረገ ቤት ጓዳውን ከ15 ዲግሪ በታች ሊያወርደው ይችላል። ሥራው ገንዘብ አይጠይቅም፤ ማታና ጠዋት የሚያስታውስ ልጅ ብቻ ይበቃል። በሩ ደግሞ ድርብ ቢሆን፣ በሁለቱ መሐል ትንሽ ክፍት ቦታ ቢተው፣ የቀኑ ሙቀት በአንድ ጊዜ አይገባም።

ስለ አየር ሲነሣ አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ይከብዳል፣ ሽታ የለውም፣ ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል። ለረጅም ጊዜ ተደፍኖ የቆየ የእህል ጉድጓድ ውስጥ ዘው ብለው የገቡ ሰዎች ሕይወታቸው አልፏል፤ ሊያወጧቸው የገቡም አብረዋቸው ሞተዋል። ማንኛውም የተዘጋ ጉድጓድ አስቀድሞ ተከፍቶ በደንብ ይናፈስ፤ ማንም ሰው ብቻውን አይግባ፤ ራስ ማዞር የተሰማው ወዲያው ይውጣ። ወድቆ የታየን ሰው ለማውጣት ተከትሎ መግባት አይገባም፤ ሰው ተጠርቶ በገመድ ይጎተታል። ልጆች በጓዳው እንዳይጫወቱ በሩ ይቆለፍ።

ጓዳው ጥሩ ሆኖ ድንቹ ክፉ ከሆነ ልፋቱ ከንቱ ነው። ሊቆፈር ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው የድንቹ ቅጠልና ግንድ ይታጨዳል፤ ያን ጊዜ ቆዳው ይጠነክራል። ከተቆፈረ በኋላ አይታጠብም። በጨለማና ነፋስ በሚገባበት ጥላ ሥር ከአሥር እስከ አሥራ አራት ቀን ሲቆይ ትንንሽ ቁስሎቹ ይደርቃሉ። በዶማ የተቆረጠ፣ የተቀጠቀጠ፣ የእሳት እራት ትል የገባበት ተለይቶ ቶሎ ይበላል፤ ወደ ጓዳ አይገባም። አንድ የበሰበሰ ድንች ጎረቤቶቹን ሁሉ ያጠፋልና በየሳምንቱ እየታየ ይለቀማል። ጓዳው ጨለማ መሆን አለበት፤ ብርሃን ያገኘው ድንች አረንጓዴ ይሆናል፣ አረንጓዴው ሲመጣም ሶላኒን የሚባል መርዝ ይበዛበታል። ይህ መርዝ በመቀቀል አይጠፋም።

ለዘር የሚቀመጠው ድንች ግን ተቃራኒውን ይሻል። በጨለማ የበቀለ የዘር ድንች ቡቃያው ነጭ፣ ረጅምና ደካማ ይሆናል፤ ሲተከል ይሰበራል። የተበተነ ብርሃን በሚያገኝበት ቦታ፣ ፀሐይ በቀጥታ ሳይመታው በመደርደሪያ ላይ የተዘረጋ ዘር ግን አጭር፣ አረንጓዴና ጠንካራ ቡቃያ ያወጣል። ቪታ የተባለው የአየርላንድ ግብረ ሠናይ ድርጅት በጨንቻ ከገበሬዎች ጋር በድንች ልማት ሲሠራ እንዲህ ዓይነት የዘር ማቆያ ቤቶች ተስፋፍተዋል። ጉደኔና በለጠን የመሰሉ ከሆለታ የግብርና ምርምር ማዕከል የወጡ ዝርያዎችን የሚዘሩ ገበሬዎች ዘራቸውን በራሳቸው እንዲያቆዩ የሚረዳቸው ይህ ነው። ስለዚህ የሚበላው ወደ ጨለማው ጓዳ፣ የሚዘራው ወደ ብርሃናማው መደርደሪያ። ሁለቱን አንድ ላይ ማኖር ሁለቱንም ማጣት ነው።

ካሮትና ቀይ ሥር ቅጠላቸው ተቆርጦ በእርጥብ አሸዋ ውስጥ ደርብ ደርብ ተደርገው ይቀበራሉ። ጥቅል ጎመን ከውጭው ቅጠሉ ጋር በመደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ፖም ሌላ ጉዳይ ነው። ሚስዮናውያን ከ60 ዓመታት በላይ በፊት ወደ ጨንቻ ያስገቡት ይህ ፍሬ አሁን ለብዙ ቤተሰብ ዋና የገቢ ምንጭ ሆኗል፤ የምድር ጓዳም ይስማማዋል። ነገር ግን ኤቲሊን የሚባል ጋዝ ያወጣል፤ ይህ ጋዝ ካሮቱን መራራ፣ ጎመኑን ቢጫ ያደርገዋል። ስለዚህ ፖም የራሱ ጓዳ ወይም ቢያንስ በመውጫው ቱቦ አጠገብ የተለየ ጥግ ያስፈልገዋል። ነጭና ቀይ ሽንኩርት ደግሞ ከነጭራሹ ወደ ጓዳው አይገቡም። እርጥበቱ ያበሰብሳቸዋልና ደርቀው ነፋስ በሚያገኛቸው ቦታ ይንጠለጠላሉ።

ወደ አርባ ምንጭ ስንወርድ ነገሩ ይለወጣል። አፈሩ 24 ዲግሪ ከሆነ፣ ቅዝቃዜው ከሌላ ቦታ መምጣት አለበት፤ የሚመጣውም ከውኃ ትነት ነው። ውኃ ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል፤ ውኃ በሸክላ እንስራ የሚቀዘቅዘው በዚህ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ኒው ዴልሂ በሚገኘው የህንድ የግብርና ምርምር ተቋም ይህ ሐሳብ ወደ ጡብ ሣጥን ተለውጧል። በጥላ ሥር ሁለት ረድፍ የጡብ ግድግዳ ይገነባል፤ በሁለቱ መካከል 7 ሳንቲ ሜትር ተኩል ክፍተት ይተውና በወንዝ አሸዋ ይሞላል። አሸዋው ጠዋትና ማታ ውኃ ይጠጣል። ከላዩ እርጥብ ጆንያ ወይም የሣር ክዳን ይደረግበታል። አንዱ ሣጥን መቶ ኪሎ ገደማ አትክልት ይይዛል። ናይጄሪያዊው መምህር ሞሐመድ ባህ አባ እ.ኤ.አ. በ1995 ተመሳሳዩን በሁለት የሸክላ ማሰሮ ሠርቶ ለመንደርተኞች አዳርሷል፤ ለዚህም በ2000 የሮሌክስ ሽልማት አግኝቷል።

የጡብ ሣጥኑ ጉልበት የሚለካው በአየሩ ድርቀት ነው። በበጋ ከሰዓት በኋላ አርባ ምንጭ 32 ዲግሪ ሆኖ አየሩ ደረቅ ሲሆን፣ ትነት ሙቀቱን ወደ 20 ዲግሪ ሊያቀርበው ይችላል። ዝናብ በሚበዛበት ሰሞን ግን አየሩ ራሱ ስለሚረጥብ ጥቅሙ ይቀንሳል። ለቲማቲም፣ ለቃሪያ፣ ለጎመንና ለማንጎ ይጠቅማል፤ በሁለት ሦስት ቀን የሚጠወልገውን ቅጠል አንድ ሳምንት ያቆየዋል። ቲማቲም ለምታመርት ወይም በአርባ ምንጭ የሲቀላና የሴቻ ገበያ ለምትቸረችር እናት፣ ትርፉ የሚገኘው ከዚያች ሳምንት ነው። አንድ ጥንቃቄ ግን ይጨመር፦ አርባ ምንጭ የወባ አገር ናት፤ አሸዋው ይረጥባል እንጂ ውኃ እንዲያቁር አይፈቀድም።

ለቆላው ሥራ ሥር ራሱ መሬቱ ይበቃል። ካሳቫ ከተነቀለ በሁለት በሦስት ቀን ውስጥ ስለሚጠቁር ለዕለቱ የሚበቃው ብቻ ይነቀላል፤ የቀረው ሳይነካ ይቆያል። ስኳር ድንች ደግሞ ከድንች በተለየ ሙቀት ይወዳል። ከተቆፈረ በኋላ ጥቂት ቀን በ30 ዲግሪ ሙቀትና በእርጥበት ቢቆይ ቁስሉ ይድናል፤ ለዚህ የአርባ ምንጭ አየር ራሱ ይበቃዋል። ማሳ ላይ ከቆየ አፈሩ እንዳይሰነጠቅ ይታቀፍ፤ የስኳር ድንች ነቀዝ የሚገባው በስንጥቁ ነው።

የአርባ ምንጭ ሙዝ እስከ አዲስ አበባ ይጓዛል፣ በመንገድም ብዙው ይጎዳል። ሙዝ የሚስማማው 13 እና 14 ዲግሪ ነው፤ ከዚያ ከወረደ ቆዳው ይጠቁራል። ይህ ቁጥር ከጨንቻ አፈር ሙቀት ጋር በጣም ይቀራረባል። ለቆላው ሙዝ የሚሆን ጓዳ 37 ኪሎ ሜትር ላይ፣ ተራራው ጫፍ መገኘቱ የግብርና ባለሙያዎችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት በሙከራ ሊያዩት የሚገባ ጉዳይ ነው።

ውድ አድማጮች፣ ዶማ ከማንሣታችሁ በፊት አንድ ቀላል ፈተና አድርጉ። ጓዳውን በምታስቡበት ቦታ አንድ ሜትር ጥልቀት ያለው ጠባብ ጉድጓድ ቆፍሩ። አንድ ጠርሙስ ውኃ ሞልታችሁ ክዳኑን ዝጉ፣ ወደ ታች አውርዱት፣ በአፈር መልሱት። በሁለተኛው ቀን አውጡትና ውኃውን በቴርሞሜትር ለኩት። ቴርሞሜትር ከሌላችሁ የቀበሌያችሁን የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ጠይቁ። ውኃው ከ16 ዲግሪ በታች ከሆነ የድንች ጓዳ ቆፍሩ። ከ20 በላይ ከሆነ ጉልበታችሁን አትጨርሱ፤ ጡብና አሸዋ ሰብስቡ። በመካከል ከሆነ ደግሞ ትንሽ ጓዳ ሠርታችሁ ሁለት ኩንታል ብቻ በማስገባት አንድ ወቅት ሞክሩት፣ ያያችሁትንም ለጎረቤት ንገሩ።